13 ለ 3

ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራዬ ላይ ማተኮር ነበረብኝ፤ አላተኮርኩም። የላፕቶፔ ስክሪን ለሁለት ተከፍሏል፦ በግራ በኩል ያላለቀ ኮድ፣ በቀኝ በኩል የ97ኛው ኦስካር ዕጩዎች የሚታወጁበት የቀጥታ ሥርጭት። የዓመት ልማዴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የጀመርኩት የኤክሴል ሠንጠረዥ አለኝ፤ የትኛው ፊልም በስንት ዘርፍ ታጨ፣ የትኛውን አየሁ፣ የትኛው ይቀረኛል የሚል። የዘንድሮው ዝርዝር በሎስ አንጀለስ የእሳት ቃጠሎ ምክንያት ሁለት ጊዜ ስለተራዘመ ጉጉቴም ከወትሮው በርትቶ ነበር።

ዝርዝሩ ተነቦ ሲያልቅ ሠንጠረዤ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎልተው ቀሩ። «ኤሚሊያ ፔሬዝ» 13። «አይም ስቲል ሂር» 3። ፊልም የምንወድ ጓደኛሞች በከፈትነው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ «13 ለ 3! ኳስ ቢሆን እኮ አሠልጣኙ ዛሬ ማታ ይባረር ነበር» ብሎ ጻፈ። ሁላችንም ሳቅን። ያኔ ሁለቱንም ፊልሞች አላየኋቸውም። ተከታትዬ ካየኋቸው በኋላ ግን ያ ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ምክንያቱም ሁለቱ ፊልሞች ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ከቤታቸው ተወስደው ስላልተመለሱ ሰዎች። አካዳሚው አንዱን ጉዳይ በሁለት አፍ ሲነገር ሰምቶ፣ ለአንዱ 13 ለሌላው 3 ሰጠ። ከዚህ ሒሳብ ጋር ነው ጠቤ።

«አይም ስቲል ሂር» የብራዚል ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ዋልተር ሳሌስ። በእኛ አፍ «አሁንም እዚሁ አለሁ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1971፣ ብራዚል በወታደሮች እጅ ሳለች፣ የቀድሞው የምክር ቤት አባል ሩቤንስ ፓይቫ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ከሚገኘው ቤቱ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ተወሰደ። አልተመለሰም። ሬሳውም አልተገኘም። ሚስቱ ዩኒሲ ከአምስት ልጆች ጋር ቀረች። እሷም ታሰረች፣ ተመረመረች፣ ወጣች፤ ልጆቿን አሳደገች፣ በጎልማሳነቷ ሕግ ተምራ ጠበቃ ሆነች። የባሏን የሞት የምስክር ወረቀት ያገኘችው በ1996 ነው፤ ከ25 ዓመት በኋላ። ፊልሙ ይኸው ነው። የድብደባው ክፍል ውስጥ ካሜራው አይገባም። በር ሲንኳኳ፣ መጋረጃ ሲዘጋ፣ ሻይ ሲቀዳ ነው የምናየው።

«ኤሚሊያ ፔሬዝ» ደግሞ ፈረንሳይ ለውድድር የላከችው፣ ታሪኩ ሜክሲኮ ላይ የሆነ፣ በስፓኒሽ የሚነገርና የሚዘፈን ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ዣክ ኦዲያር። አንድ የአደንዛዥ ዕፅ ቡድን አለቃ የሞተ መስሎ ይጠፋል፤ በቀዶ ሕክምና ሴት ሆኖ አዲስ ሕይወት ይጀምራል። ከአራት ዓመት በኋላ ኤሚሊያ የሚል ስም ይዛ ትመለስና፣ የጠፉ ሰዎችን አስከሬን የሚያፈላልግ በጎ አድራጎት ድርጅት ትመሠርታለች። የጠፉ ዘመዶቻቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ድምፅ ወደ ዜማ ይቀየራል። ፊልሙ ሲያልቅ ኤሚሊያ ሞታ፣ ሕዝቡ ምስሏን እንደ ቅድስት ተሸክሞ እየዘመረ በመንገድ ያልፋል። ያን ሁሉ ሰው መቃብር ያስገባው እጅ በመጨረሻ በትከሻ የሚከበር ሆነ ማለት ነው። የተቀበሩት ግን ስም እንኳ የላቸውም።

ደጋፊዎቹ «ይህ እኮ ምፀት ነው፣ ኦፔራ ነው፣ ቃል በቃል አትውሰደው» ይላሉ። እሺ፣ ልቀበል። ቴክኒኩንም አልክድም፤ ዞዊ ሳልዳኛ በዚያ ቀይ ልብስ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ የምትጨፍርበት ትዕይንት በእውነት ዓይን ይይዛል። ሙዚቃዊ ፊልም መሆኑም አይደለም ችግሬ። እኛ አገር ለቅሶ ራሱ በሙሾ ነው፤ ሐዘን በዜማ ሊነገር እንደሚችል ማንም ሊያስተምረን አይችልም። ነገር ግን አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ አገሩን፣ ሙያውን፣ ለማን ምን እንዳደረገ ጠይቃ ነው። ካላወቀች ከቤተሰቡ ጠጋ ብላ ትጠይቃለች። ሳትጠይቅ የምታለቅስ አልቃሽ ድንኳን ውስጥ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ያፍርላታል እንጂ አያለቅስም።

ኦዲያር አልጠየቀም። ይህን የምለው ስሙን ለማጥፋት አይደለም፤ ስለ ሜክሲኮ ምን ያህል እንዳጠና ሲጠየቅ ብዙ እንዳላጠና፣ ማወቅ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ በመጠኑ ያውቀው እንደነበር በራሱ አንደበት ተናግሯል። ስፓኒሽ አይችልም። ቦታ ለማየት ሜክሲኮ ሄዶ ነበር፤ በኋላ ግን ፊልሙን የሠራው ፓሪስ አካባቢ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ተዋናዮች መካከል ተወልዳ ያደገችው ሜክሲኮ የሆነች አድሪያና ፓዝ ብቻ ናት። ሜክሲኮ ውስጥ የጠፉ ሰዎች ይፋዊ መዝገብ በ2022 ከ100,000 አልፏል። ከ100,000 በላይ ቤት ውስጥ ሰው ይጠበቃል ማለት ነው። ይህን ጉዳይ በመጠኑ ማወቅ ይበቃል?

ሳሌስን ደግሞ እዩት። በወጣትነቱ የፓይቫ ቤተሰብ ቤት ይመላለስ ነበር፤ ልጆቹን ያውቃቸዋል። ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ የጻፈው ማርሴሎ ሩቤንስ ፓይቫ የተወሰደው ሰውዬ ልጅ ነው። ዩኒሲን ሆና የምትተውነው ፈርናንዳ ቶሬስ ናት፤ ያረጀችውን ዩኒሲ ሆና መጨረሻ ላይ የምትመጣው የቶሬስ እናት ፈርናንዳ ሞንቴኔግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በሳሌስ ፊልም ለዚሁ ሽልማት ታጭታ የነበረች። ይህ ሁሉ ወሬ ለማሳመር አይደለም። ፊልሙ ውስጥ መብራቱ ከየትኛው መስኮት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው እንደሠራው ይታወቃል። ቤቱን የሚያውቅ ሰው የሠራው ቤት ነው።

አሁን እንደ መሐንዲስ ልሁን። «ቁጥሩን ብቻ አይተህ አትፍረድ» የሚለው ክርክር ትክክል ነው። ሙዚቃዊ ፊልም ብዙ ሳጥን አለው፤ ጸጥ ያለ የቤተሰብ ፊልም በዘፈን ዘርፍ ሊታጭ አይችልም። ስለዚህ እናጣራው። ከ13ቱ ላይ ሁለቱን የዘፈን ዕጩነቶች፣ ማጀቢያ ሙዚቃውን፣ ድምፁንና ሜካፑን እንቀንስ፤ 8 ቀረ። የረዳት ተዋናይቷንም እንቀንስ፤ የሳሌስ ፊልም ከነጭራሹ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ የቆመ ነውና። 7 ቀረ። ሁለቱ ፊልሞች በምርጥ ፊልም፣ በዋና ተዋናይትና በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፎች እኩል ታጭተዋል፤ 3 ለ 3። የተረፉት አራቱ ምንድን ናቸው? ዳይሬክቲንግ፣ የፊልም ጽሑፍ፣ ቀረፃ እና ኤዲቲንግ። 4 ለ 0።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያመኝ። እነዚህ አራቱ ዘርፎች ሌላ ምንም ሳይሆኑ አንድ ሰው አንድን ነገር እንዴት እንዳየው የሚለኩ ናቸው። ምን ጻፈ፣ ካሜራውን የት አቆመ፣ ምን ቆረጠ፣ ምን አስቀረ። አካዳሚው በነዚህ አራቱም ላይ በመጠኑ አውቃለሁ ያለውን መርጦ ቤቱን የሚያውቀውን አለፈ።

ሳሌስ ፊልም ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ባሏ ከተወሰደ በኋላ ከአንድ መጽሔት ጋዜጠኛና ፎቶግራፈር ይመጣሉ፤ እናትና ልጆቹን አሰልፈው ሊያነሷቸው። ፎቶግራፈሩ እንዲያዝኑ፣ ቢያንስ ኮስተር እንዲሉ ይፈልጋል፤ አለቃው ያዘዘው እንዲያ ነው። ዩኒሲ ልጆቿን «ፈገግ በሉ» ትላቸዋለች። ይሥቃሉም። ፊልሙን ቆም አድርጌ ተነሣሁ። ለብራዚላውያኑ ምን እንደተሰማቸው አላውቅም፤ እኔ ግን የ77 ዓ.ም. ልጅ ባልሆንም ያንን ፎቶግራፈር አውቀዋለሁ። ኢትዮጵያዊ ሆኖ የማያውቀው የለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች ለረሃባችን ብለው ባወጡት የገና ዘፈን፣ እነዚያ ሰዎች ለመሆኑ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብለው ጠየቁ። ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትና ያለበት፣ ታኅሣሥ 29ን ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋ ሕዝብ ነው የተጠየቀው። ገንዘቡ ሰው አድኗል፤ አልክድም። ግን ዘፈኑን የጻፈ ሰው ከእኛ አንዱን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ያ ጥያቄ አይጻፍም ነበር። ያው ዘፈን በኖቬምበር 2024፣ ከነዚህ ዕጩዎች ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ 40ኛ ዓመቱ ተብሎ ተከልሶ እንደገና ወጣ። ሜክሲኮዎች በጃንዋሪ ሲቆጡ ስሰማ ቁጣቸውን ለመረዳት ትርጉም አላስፈለገኝም።

ሜክሲኮዎች ደግሞ ቁጣቸውን በሥራ ነው የመለሱት። ካሚላ አውሮራ የተባለች ወጣት ሠሪ በዚያው ጃንዋሪ «ዮሃን ሳክሬብሉ» የሚል አጭር ፌዝ አወጣች፤ ፈረንሳይን በሜክሲኮ ተዋንያን፣ በተቀባ ቀጭን ፂም፣ በባርኔጣና በረጅም ዳቦ የምታሳይ። እናንተ እኛን እንዲህ አያችሁን፤ እኛስ እናንተን እንዲህ ብናያችሁ? ከብዙ ትንታኔ የበለጠ ገላጭ ነበር።

«ታዲያ የውጭ ሰው ስለ ሌላ አገር ፊልም አይሥራ ነው የምትለው?» ይህ ጥያቄ በግሩፓችን ላይ ደጋግሞ ተነሥቷል። አይደለም። በዚያው ዓመት ዝርዝር ውስጥ የዴንማርክን ታሪክ የሠራው ማግኑስ ቮን ሆርን ስዊድናዊ ነው፤ የቫቲካንን ምሥጢራዊ ምርጫ የሠራው ኤድዋርድ በርገር የተወለደው ጀርመን ነው። ማንም አልተቆጣም። ሰው ከሠፈሩ ውጭ እንዳያይ ከተከለከለ ሲኒማ የሚባል ነገር አይኖርም። ጥያቄው የመግቢያ ፈቃድ አይደለም፤ የቤት ሥራ ነው። ባለጉዳዩን ጠይቀሃል ወይ? የማታውቀውን ለማወቅ ጊዜ ሰጥተሃል ወይ? ኦዲያር ፊልሙን የመሥራት ሙሉ መብት አለው። እኔ የማልቀበለው የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ ነው።

የቤት ሥራውን የሠሩት ደግሞ ነበሩ። ሜክሲኮ በዚያ ዓመት ወደ ኦስካር የላከችው «ሱሆ» የተባለውን ፊልም ነው፤ አስትሪድ ሮንዴሮና ፈርናንዳ ቫላዴዝ የሠሩት። የአንድ ተከፋይ ገዳይ ልጅ የአባቱን ዕጣ እንዳይወርስ ገጠር ውስጥ በአክስቱ እጅ ሲያድግ የሚያሳይ። በ2024 ሰንዳንስ ላይ የዓለም ድራማዎች ዘርፍ ታላቁን የዳኞች ሽልማት ወስዷል። እነዚሁ ሁለት ሴቶች ከዚያ በፊትም፣ ወደ አሜሪካ ድንበር ሄዶ የጠፋ ልጇን የምትፈልግ እናት ታሪክ ሠርተዋል። ስለ ጠፉ ሰዎች የሚያውቁ ከተባለ እነሱ ያውቃሉ። «ሱሆ» ከመጀመሪያዎቹ 15ቱ ውስጥ እንኳ አልገባም።

ይህ እንዴት ይሆናል? ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ አንድ ሲስተም የተሳሳተ ውጤት ሲያወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ክፉ ነው?» ብዬ አይደለም። የሚገባው መረጃ ከየት ነው የሚመጣው፣ ማንስ ነው የሚያጣራው? እስቲ አካዳሚውን እንደዚያ እንየው።

በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ አንድ አገር አንድ ፊልም ብቻ ነው የሚልከው። በዚያ ዓመት የ85 አገሮች ፊልሞች ለውድድር ብቁ ሆኑ፤ ወደ 15 ተጣሩ፤ ከዚያ ወደ 5። የመጀመሪያው ወንፊት ያለው ግን ሆሊውድ አይደለም፤ እያንዳንዱ አገር ውስጥ ያለ ኮሚቴ ነው። የህንዱን ተመልከቱ። የፓያል ካፓዲያ «ኦል ዊ ኢማጂን አዝ ላይት» በ2024 ካን ላይ ግራንድ ፕሪ ወሰደ፤ ከ30 ዓመት በኋላ በዋናው ውድድር የገባ የህንድ ፊልም ነው። የህንድ ኮሚቴ ግን ሌላ ፊልም ላከ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ የካፓዲያ ሥራ ህንድ ውስጥ የሚካሄድ የአውሮፓ ፊልም ይመስላል ተባለ። ፈረንሳይ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሜክሲኮ ላይ የሆነ ታሪክ በስፓኒሽ ላከች፤ «ፈረንሳይኛ አይመስልም» ያለ የለም። ሙምባይ ተወልዳ ስለ ሙምባይ የሠራችው አገሯን ለመምሰል ፈተና አለባት፤ የፓሪሱ ሰውዬ ግን የፈለገውን አገር መምሰል ይችላል። ካፓዲያ በኦስካር ያገኘችው ዕጩነት ዜሮ ነው።

ከዚህ ዘርፍ ውጭ ያለው ደግሞ ይብሳል። ወደ 10,000 የሚጠጉ ድምፅ ሰጪዎች አሉ፤ በዕጩነቱ ዙር ዳይሬክተሮች ዳይሬክተሮችን፣ ጸሐፊዎች ጸሐፊዎችን ይመርጣሉ፣ ምርጥ ፊልምን ሁሉም። በዓመት ብቁ የሚሆኑት ፊልሞች በመቶዎች ናቸው። ማንም ሰው ሁሉን አያይም፤ ስለዚህ የሚያየው ስሙ ደጋግሞ ጆሮው የገባውን ነው። ስም ደጋግሞ እንዲሰማ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ «ኤሚሊያ ፔሬዝ»ን አሜሪካ ውስጥ የያዘው ኔትፍሊክስ ነው። ይህንን አሉባልታ ነው የሚለኝ ካለ፣ አካዳሚው በአፕሪል 2025 ያወጣውን ደንብ ያንብብ፦ ከአሁን በኋላ በመጨረሻው ዙር በአንድ ዘርፍ ድምፅ ለመስጠት፣ በዚያ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ማየት ግዴታ ነው። ጥሩ ደንብ ነው። ግን እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ በአብዛኞቹ ትልልቅ ዘርፎች እስከ 97ኛው ዓመት ድረስ ግዴታ አልነበረም ማለት እኮ ነው። ዳኛው ሳይቀምስ ወጡን ሲፈርድ ኖሯል። አሁንም አዲሱ ደንብ የሚሠራው ለመጨረሻው ዙር ነው፤ ዕጩ ማን ይሁን የሚለው ዙር ላይ ሳያዩ መፍረድ ያው እንደነበረ ነው።

«በመጨረሻ ግን ተስተካከለ እኮ» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ማርች 2 ቀን «አይም ስቲል ሂር» የዓለም አቀፍ ፊልም ኦስካርን ወሰደ፤ ለብራዚል የመጀመሪያዋ። «ኤሚሊያ ፔሬዝ» ከ13 ዕጩነት 2 ብቻ ይዞ ወጣ። ጓደኞቼ ፍትሕ ብለው ጨፈሩ። እኔ አልጨፈርኩም፤ ምክንያቱም እንዴት እንደወደቀ አይቻለሁ። ፊልሙን የጣለው ሜክሲኮን ያየበት ዓይን አልነበረም። የሜክሲኮዎች ቅሬታ ለወራት ሲሰማ ድምፅ ሰጪዎቹ 13 ጊዜ አጭተውታል። የጣለው ዋና ተዋናይቷ ካርላ ሶፊያ ጋስኮን፣ ፆታዋን ቀይራ ሴት መሆኗን በይፋ ተናግራ በትወና ዘርፍ የታጨች የመጀመሪያዋ ሰው፣ ከዓመታት በፊት ስለ ሙስሊሞችና ስለ ሌሎች የጻፈቻቸው አጸያፊ የትዊተር ጽሑፎች ከዕጩነቱ በኋላ መውጣታቸው ነው። ጽሑፎቹ አስቀያሚ ነበሩ፤ ልትጠየቅባቸው ይገባል። ግን ሁሉም ሰው እሷ ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ ጸሐፊውም ዳይሬክተሩም ድምፅ ሰጪውም በጎን ሾልከው ሄዱ። አንዲት ተዋናይት የሁሉንም ጥፋት ተሸክማ ወጣች። ችግሩ ሳይነካ ምልክቱ ጠፋ። ሥራዬ ላይ እንዲህ ሲደረግ ባጉ ተስተካከለ አንልም፤ ተሸፈነ ነው የምንለው፤ በሌላ ቀን በሌላ ስም ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ንዴት ከየት አመጣሁት? ልናገር።

የአያቴ ታናሽ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወሰደ። ተማሪ ነበር። ለጥያቄ ነው የተባለው። አልተመለሰም። ያን ጊዜ ማልቀስ ራሱ ያስጠረጥር ስለነበር ድንኳን አልተተከለም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ይመጣ ይሆናል በሚል ተስፋ አልተተከለም፤ ከዚያ በኋላ ጊዜው አለፈ። መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት አያቴ አንድ ጊዜ ሄዳ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች። የእሱ አልነበረም። ሁለተኛ አልሄደችም። ፎቶው ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ ልጅ ሆኜ ዘመድ ሳይሆን የታወቀ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በፋሲካ ሰሞን የሳሌስን ፊልም ከአያቴ ጋር አየሁት። ከየት እንዳወረድኩት አትጠይቁኝ። ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለስኩላት ነበር፤ ከግማሽ በኋላ ብዙ ሳልተረጉም ይገባት ጀመር። በሩ ተንኳክቶ ሰዎቹ ሲገቡ «ጫማቸውን እያቸው» አለች። ሌላ ነገር አላለችም። ዩኒሲ አርጅታ ከመንግሥት ቢሮ የሞት ወረቀቱን ተቀብላ በጋዜጠኞች ፊት ከፍ አድርጋ ፈገግ ስትል ግን ዞራ አየችኝ።

«ወረቀት ሰጧት እንዴ?»

«አዎ እማማ። ከ25 ዓመት በኋላ።»

«ታድላ» አለች።

ባሏ ተገድሎ ሬሳው እንኳ ያልተገኘላትን ሴት ነው ታድላ ያለቻት። ይህንን ቃል እንድትል ያደረገ ፊልም በዳይሬክቲንግ፣ በጽሑፍ፣ በቀረፃ፣ በኤዲቲንግ ዜሮ ያገኘ ፊልም ነው። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ፊልሙ ከአያቴ ሳሎን የበለጠ ሥራ ሠርቷል። በሚሊዮኖች ወጥተው አዩት። ዕጩዎቹ በታወጁበት በዚያው ሳምንት የሩቤንስ ፓይቫ የሞት የምስክር ወረቀት ታርሞ፣ በመንግሥት እጅ በግፍ መሞቱን እንዲል ተደረገ። ሲኒማ ምን ያደርጋል ለሚለኝ ይህንን ነው የማሳየው።

«ኤሚሊያ ፔሬዝ»ን ለአያቴ አላሳየኋትም። ማሳየት ነበረብኝ ይሆናል ለፍትሕ ብዬ፤ አልቻልኩም። ወንድሟን የወሰደው ሰው በመጨረሻ እንደ ቅድስት ምስል በዜማ ሲሸከሙት ምን ብዬ እተረጉምላታለሁ?

ጣቴን ወደ ሎስ አንጀለስ ብቻ ቀስሬ ብጨርስ ግን እኔም በጎን መሹለኬ ነው። የእኛን ቤትስ? ኃይሌ ገሪማ ያንን ዘመን በ«ጤዛ» ሠርቶልናል፤ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የጽሑፍ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት በፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት ወስዷል። ኢትዮጵያ ፊልም ወደ ኦስካር መላክ የጀመረችው ከዚያ በኋላ በ2010 በ«አትሌቱ» ስለሆነ «ጤዛ» ያንን ደጅ አልረገጠም። ሳሌም መኩሪያ ደግሞ ስለጠፋው ወንድሟና ስለተገደለችው ጓደኛዋ ዘጋቢ ፊልም ከሠራች ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። በእኔ ዕድሜ ካሉት ፊልም ወዳጆች ስንቶቻችን አይተነዋል? የኦዲያርን ፊልም ግን በሳምንቱ አውርደን ተጨቃጨቅንበት። የዕጩዎቹ ዝርዝር የሆሊውድን ዓይን ብቻ ሳይሆን የእኛንም ዓይን ነው የሚመራው።

የቤት ሥራውም ለባዕድ ብቻ የተሰጠ አይደለም። «ድፍረት» በ2014 ከሰንዳንስና ከበርሊን የተመልካች ሽልማት ይዞ፣ በአማርኛ ተሠርቶ፣ በእኛው ልጅ ተመርቶ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ታሪኩ የሕይወቷ የሆነችው ሴት ቅሬታ ነበራትና። በኋላ ጉዳዩ ተፈትቶ ታየ፤ ኦስካርም ተላከ። ጥሩ ፊልም ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ያቺ ሴት የጠየቀችው ጥያቄ እኔ ኦዲያርን የምጠይቀው ነው። አማርኛ መቻል ከዚህ ጥያቄ ነፃ አያወጣም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እኛ፣ በየጥሩ ወር ዝርዝር የምንጠብቅ ሰዎች፣ ዕጩነትን እንደ ምርመራ ውጤት ማንበብ እንተው። ስንት ሳጥን ሞላ ከማለታችን በፊት ማን ጠየቀ፣ ማን ተጠየቀ እንበል። አካዳሚውም ሳያዩ መፍረድን በመጨረሻው ዙር ከከለከለ፣ ዕጩ በሚመረጥበትም ዙር ይከልክል፤ የአንድ አገር አንድ ፊልም ደንቡንም ይመርምር፤ አንድ ኮሚቴ የዘጋው በር የአንድ አገር ሲኒማ በር ሁሉ እንዳይሆን።

እኔ በሚቀጥለው ጥርም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስክሪኔን ለሁለት ከፍዬ መቀመጤ አይቀርም፤ ሱስ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ግን ከዕጩነት ብዛት በፊት አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ፤ ሠሪው ባለጉዳዩን ጠይቋል ወይስ አልጠየቀም የሚል። ለዘንድሮዎቹ ሞልቼዋለሁ። «ጤዛ»ንም በአዲስ ረድፍ አስገብቼዋለሁ፤ የዕጩነት ሳጥኑ ባዶ ነው። ቅዳሜ ከአያቴ ጋር እናየዋለን፤ እሱን እንኳ መተርጎም አያስፈልገኝም።